ጨዋታው ሳያልቅ የተደረገው ሠርግ

የዚያችን ከተማ ስም አልናገርም። ብጠራው የአገሬው ሰው «እኛን ሰደበን» ብሎ ይነሳል፤ ባልጠራው ደግሞ የሌላው አገር ሰው ሁሉ «የእኛን ነው የሚያወራው» ይላል። የፈለገው ይበል። እኔ የማወራው የራሴን ጉድ ነው። ሰው ራሱን እንዲሰድብ ፈቃድ የሚሰጥ ቢሮ እስካሁን አልተከፈተም፤ ሲከፈት ሄጄ እሰለፋለሁ።

ቢተው እባላለሁ። ሥራዬ በር ማስታረቅ ነው። በእኛ አገር የሁለት ቤት በሮች ፊት ለፊት ከተያዩ ባለቤቶቹ ሳይጣሉ አይቀሩም ይባላል። ስለዚህ በር አስታራቂ ይጠራና የአንደኛውን መቃን ይነቅላል፣ ይልጋል፣ ትንሽ ወደ ጎን አዙሮ መልሶ ይተክላል። ጥሩ ሥራ ነው። በር ምንም ብታደርገው አይታዘብህም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ሌላ ሹመት ነበረኝ። የከተማው ሰው ቅዳሜ ከጠዋት እስከ ፀሐይ ግባት በአሮጌው የጨው መጋዘን ተሰብስቦ አገር አገር ይጫወታል። ልጆች እንዳይመስሏችሁ! ጢሙ የሸበተ፣ የልጅ ልጅ ያየ ሰው ነው። አንዱ ንጉሥ ይሆናል፣ አንዱ ሽፍታ፣ አንዷ አዋላጅ፣ አንዱ መነኩሴ። ሁሉም የየድርሻውን ልብስ ሰፍቶ ይመጣል። የተጻፈ ቃል የለም፤ እያንዳንዱ የሆነውን ሰው ሆኖ ያሻውን ይናገራል። የሚሆነውንና የማይሆነውን የሚወስነው ግን ተራኪው ነው። ተራኪው «እዚህ ጋ ወንዝ አለ» ካለ ወንዝ አለ፤ ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ይሻገራሉ፣ ጉንፋን የሚይዘውም አይጠፋም።

ተራኪያችን ጋሽ መንበሩ ይባላሉ። በሥራ ቀን የከተማው ጥላ ለኪ ናቸው። የማን ቤት ጥላ በስንት ሰዓት የማንን ግቢ እንደሚነካ በገመድ ይለካሉ፤ ከልክ ያለፈ ጥላ ያለው ቤት ጣሪያው ይቆረጣል። እንደዚህ ያለ ሥልጣን ያላቸው ሰው ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ ከሦስት ሰው አያልፍም። ለዚህ ነው አስተጋቢ የሚሾመው። ተራኪው በጆሮው ሹክ ይለዋል፣ አስተጋቢው የጨው ጆንያ ላይ ቆሞ ይጮኸዋል። እንግዲህ እኔ ያ ነበርኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት። አባቶች የደነገጉት ሕግ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ ያልተስተጋባ ነገር አልሆነም። ይህን ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ ከዚህ ነው።

በጨዋታው የሞተ ሰው ግንባሩ ላይ ነጭ ሻሽ ያስራል። ሻሽ ያሰረን ሰው ማንም አያይም፣ ማንም አያናግርም። ፀሐይ ስትገባ ተራኪው «ጨዋታው አልቋል፤ ሁላችሁም ወደየስማችሁ ተመለሱ» ይላሉ፣ እኔም አስተጋባለሁ። ያን ጊዜ ሙታኑ ሻሻቸውን ይፈታሉ፣ ንጉሡ ዘውዱን ያወልቃል፣ እየተሳሳቅን ወደየቤታችን እንሄዳለን። ይህ ቃል ሳይሰማ ዘውዱንም ሆነ ሻሹን ላያወልቅ እያንዳንዱ ማኅበርተኛ ሲገባ ይምላል። በልጆቹ ስም ነው የሚምለው።

ደባልቄ ወዳጄ ነው። ነበር ልበል መሰል። ፍራሽ ሰፊ ነው፤ ሚስቱ ካረፈች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ያለችው አንዲት ልጅ ስመኝ ብቻ ናት። በጨዋታው ቀዛፊ ነበር። መጋዘኑ መሃል ሁለት ሳንቃ አጋጥሞ አንድ ረጅም ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ ሰውን ከዚህ ዳር ወዲያ ዳር ያሻግራል። እንደ እሱ ጨዋታውን የምር የሚይዝ ሰው አላየሁም። ያለ ወረፋ ማንንም አያሻግርም።

ከዕለታት አንድ ቅዳሜ ንጉሡ ከወንዙ ዳር ደረሱ። ንጉሡ አቶ ጓንጉል ናቸው። በሥራ ቀን የሰልፍ ሹም ናቸው፤ ማን በየትኛው ሰልፍ ስንተኛ ሆኖ እንደሚቆም የሚወስኑ እሳቸው ናቸው፣ በእኛ ከተማ ደግሞ ያለ ሰልፍ የሚገኝ ነገር የለም። የደባልቄ አማች ሊሆኑም ሦስት ሳምንት ቀርቷቸዋል፤ ስመኝን የሚያገባው ልጃቸው ነው። ከፊታቸው ሰባት ሰው ተሰልፏል፣ አንዷ ሆዷ ላይ ትራስ ያሰረች ነፍሰ ጡር ናት።

«አሻግረኝ» አሉ ንጉሡ።

«ንጉሥ ሆይ፣ ወረፋ አለ» አለ ደባልቄ ዘንጉን ተደግፎ።

«ወረፋ የምሰጠው እኔ አይደለሁ እንዴ!»

«እሱ ከዚህ ደጅ ውጪ ነው ጌታዬ። እዚህ ንጉሥ ብቻ ነዎት።»

ሰው ሳቀ። ባይሳቅ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ። አቶ ጓንጉል ፊታቸው በርበሬ መስሎ ወደ ጋሽ መንበሩ ዞሩ። ጋሽ መንበሩ ጥላ ይለኩ እንጂ ሰልፍ የሚቆሙት እንደማንኛችንም ነው። ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉና «ወንዙ ሞላ። ጀልባው ተገለበጠ። ቀዛፊው ሞተ» አሉኝ።

አስተጋባሁ። ጮክ ብዬ፣ አሳምሬ። በዚህ አላፍርም፤ ጨዋታ ነው፣ ደባልቄ ከዚያ በፊትም ሦስት ጊዜ ሞቷል። የማፍርበት ይመጣል፤ አትቸኩሉ።

ደባልቄ ከሳንቃው ወርዶ ትንሽ ተንፈራገጠ፣ ሻሹን ከኪሱ አውጥቶ ግንባሩ ላይ አሰረ፣ ሙታን ወደሚቀመጡበት ጥግ ሄዶ እግሩን ዘርግቶ ተቀመጠ። ያን ጊዜ ወይዘሮ አሰገደች ተነሱ። ወይዘሮ አሰገደች የከተማው ነፋስ መዝጋቢ ናቸው፤ የትኛው ነፋስ መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ ማንን አስነጠሰ፣ ሁሉ በእሳቸው መዝገብ ላይ ነው። በማኅበሩም ምክትል ተራኪ ነበሩ።

«ለመሆኑ ወንዙን ማነው የሞላው?» አሉ።

«እኔ ነኛ» አሉ ጋሽ መንበሩ።

«ተራራና ሜዳ የእርስዎ፣ ነፋስና ውሃ የእኔ ተብሎ አልነበረም? በእኔ ውሃ ሰው ሲሞት እኔ ልጠየቅ አይገባም? እንዲያው ለወግ ያህል እንኳ?»

«ሰውየው የሞተው በጀልባ ነው። ጀልባ እንጨት ነው፣ እንጨት የሚበቅለው በየብስ ነው። ስለዚህ የእኔ ሬሳ ነው።»

«ሲሞት እግሩ የት ነበር? ጀልባው ላይ ነበር ወይስ ውሃው ውስጥ?»

ጉድ በሉ! ሙሉ ከሰዓት በኋላ የደባልቄ እግር የት እንደነበር ሲከራከሩ ዋሉ። ሳንቃው ተለካ። ሁለት ሰዎች እየተንፈራገጡ አሳዩ። ደባልቄን ራሱን መጠየቅ ይቻል ነበር፣ አሥር እርምጃ አይርቅም፤ ግን ሞቷል፣ ማን ያየዋል? ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ሁለቱም ወደ እኔ መጡ። ጋሽ መንበሩ በቀኝ ጆሮዬ «ቀዛፊው እንደሞተ ነው፤ ጨዋታው አልቋል» አሉኝ። ወይዘሮ አሰገደች በግራ ጆሮዬ «ቀዛፊው ድኗል፤ ጨዋታው አልቋል» አሉኝ። አፌን ከፈትኩ። የጋሽ መንበሩን ባስተጋባ ወይዘሮዋ፣ የወይዘሮዋን ባስተጋባ ጋሽ መንበሩ፣ ሁለቱንም ትቼ «ጨዋታው አልቋል» ብቻ ብል ሁለቱም ይቀየሙኛል። «ጉሮሮዬን አሞኛል» አልኩና ውሃ ጠጣሁ። ከጆንያው ወረድኩ።

ሰዉ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ አንድ በአንድ እየወጣ ወደ ቤቱ ሄደ። ዘውድ የጫነ ከነዘውዱ፣ ትራስ ያሰረችም ከነትራሷ፣ ደባልቄም ከነሻሹ። ጨዋታው አላለቀም።

ሰኞ ጠዋት አቶ ጓንጉል ዘውዳቸውን ደፍተው ቢሮ ገቡ። ሰልፈኛው መስገድ ይኑርበት አይኑርበት አላወቀም፤ ግማሽ ወገቡን ጎንበስ እያለ ዋለ። በጨዋታው ዲዳ የነበረው የቀበሌው ጠሪ ስም መጥራቱን ትቶ በእጁ ምልክት ማሳየት ጀመረ፤ ስሙ ተጠርቶ ይሁን አይሁን የሚያውቅ ጠፋ። ሽፍታ የነበረው ዳቦ ጋጋሪ የራሱን ዳቦ እየሰረቀ ጫካ ገባ። መነኩሴ የነበረው ጥበቃ አግኝቶት ንስሐ ሰጥቶ ለቀቀው። ትራስ ያሰረችው ሴት ወረፋ ይለቀቅላት ጀመር፤ ለነገሩ እሷን ጨዋታው ባያልቅ ደስ ይላታል። ከተማውም ለሁለት ተከፈለ፦ «የብሶች» ደባልቄ ሞቷል ይላሉ፤ «ውሃዎች» ድኗል ይላሉ። የሚገርመው ግን ውሃዎቹም ሰላም አይሉትም። «እኛ በሕይወት እንዳለ በጽኑ እናምናለን» ይላሉ፣ ደረታቸውን እየመቱ፣ «ግን አልተስተጋባማ። ሕግ ሕግ ነው።» ይህን እያሉ ደባልቄ ሲመጣ ቀና ብለው ሰማይ ያያሉ።

ባለ ፍራሾቹ ሊሰፋላቸው በደባልቄ በር ላይ ጥለውት የሄዱትን ፍራሽ እየመጡ ወሰዱ። አንደኛዋ ሴትዮ ደጃፉ ላይ እሱ ቆሞ እያያት ለጎረቤቷ «የሟቹ እጅ እንዴት ያለ እጅ ነበር መሰለሽ፤ ወገቤን ያሻለኝ እሱ ነው» አለቻት፤ እንባዋንም ጠረገች። ሻሹን ፈቶ ወርውሮ «እዚህ ነኝ!» አይልም ነበር? ትላላችሁ። እኔም እላለሁ። ደባልቄ ግን የማለው በስመኝ ነው፣ በሠርጓ ዋዜማ መሐላ አያፈርስም። ሰውየው እንዲህ ነው፤ ምን ላድርገው።

እኔ ዘንድማ ሁለቱም በተራ መጡ። ጋሽ መንበሩ ገመዳቸውን ይዘው መጥተው ከቤቴ ጣሪያ ሥር ቆሙና «የአንተ ጥላ ትንሽ ረዘም አላለም ቢተው?» አሉኝ። ወይዘሮ አሰገደች መዝገባቸውን ይዘው መጡና «በዚህ ወር በግቢህ ያለፈው ነፋስ ጤናማ አይደለም፤ እስካሁን ግን አልመዘገብኩትም» አሉኝ። ለሁለቱም «ጉሮሮዬ እስኪሻለኝ ነው» አልኳቸው፤ በየቅዳሜውም መጋዘኑ ውስጥ ይህንኑ አልኩ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገሬ ሰው። ዝም አይነቅዝምም ይላል። ለፈሪ የሚሆን ተረት በእኛ አገር ሞልቷል፤ አንዱን ስትጥል አንዱን ታነሳለህ።

እውነቱን ልናገር? ፍርሃት ብቻ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ቃል ስጮህ «ቢተው ዛሬ ምን አሰበ?» ያለኝ የለም። አሁን መንገድ ላይ ሳልፍ ሰው ይነሳልኛል። ጉሮሮዬ እንዴት እንዳደረ ይጠይቁኛል፤ ማር ይልኩልኛል። ባለቤቴ ጠጂቱ ሰልፍ ስትቆም «የአስተጋቢው ሚስት ናት፣ ወደፊት እለፊ» ትባላለች። እሷ ግን አታልፍም። አንድ ቀን ቤት ገብታ ነጠላዋን ወረወረችና «ያን ምስኪን አንድ ቃል ነፍገኸው ማር ትልሳለህ?» አለችኝ።

«ፖለቲካውን አታውቂውም» አልኳት።

«የደባልቄን ልጅ አውቃታለሁ፤ ሕፃን ሳለች እኔ ነኝ ያጠብኳት። ሠርጓ መጥቷል» አለች። ማሩን አንስታ ለውሻው ሰጠችው፤ ውሻው ማር አይወድም ነበር።

ስለ ሠርጉ ነገር ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም። በእኛ አገር ሴት ልጅ ከአባቷ ቤት ስትወጣ ደጃፉ ላይ አባቷ ይመርቃታል። አንዴ ብቻ ነው። አባቷ ከሞተ የቅርብ ወዳጁ ይመርቃል። የተመረቀችን ልጅ መልሶ መመረቅ ነውር ነው፤ የመጀመሪያውን ምርቃት እንደመሻር ይቆጠራል። ስለዚህ ደባልቄ የሚፈልገው ወንበር አልነበረም፣ ሰላምታም አልነበረም። የሚፈልገው እኔ ከሠርጉ በፊት አፌን እንድከፍት ነው።

አንድ ቀን በቀትር ወደ ሱቄ መጣ። አንድ የተቀየመ በር አጋድሜ እየላግኩ ነበር። ሻሹ ታጥቦ በካውያ ተተኩሷል። ከፊቴ ቆመ።

«ቢተው» አለ።

መላጊያዬን ገፋሁ።

«ቢተው፣ ታየኛለህ። አስተጋቢም ብትሆን ዓይን አለህ። ቅዳሜ መጋዘኑ ይሰበሰባል፤ እሑድ ሠርጉ ነው። አንድ ቃል ነው የምለምንህ። ከሁለቱ የማን ቃል እንደሆነ ግድ የለኝም። ከፈለግህ ሞቷል በል፤ ብቻ ጨዋታው አልቋል በል፤ በስሜ ልመለስ።»

መላጊያዬን አቆምኩ። ግን ከመንገዱ ማዶ ሁለት የብሶችና አንድ ውሃ ቆመው ያዩናል፤ ማለት እኔን ያያሉ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? አጎንብሼ በሩን አናገርኩት። «አይዞህ» አልኩት በሩን፣ «ትንሽ ታገሥ። ጊዜ የማይፈታው ነገር የለም።»

ደባልቄ በሩን አየ፣ እኔን አየ። «ለበሩ ንገርልኝ» አለ፣ «ጊዜ የለኝም።» ሄደ። እኔም በሩን ከሚገባው በላይ ስለላግኩት መቃኑ ውስጥ የሚዋልል ሆኖ ቀረ፤ ባለቤቶቹ እስከ ዛሬ ሲዘጉት ይሰድቡኛል።

ቅዳሜ መጋዘኑ ተሰበሰበ። ጆንያው ላይ ወጣሁ። ሁለቱ ተራኪዎች በሁለት ጆሮዬ ነገሩኝ። ከሙታን ጥግ ደባልቄ ቀና ብሎ አፌን ያይ ነበር። ጉሮሮዬን ይዤ አሳልኩ። ማር አመጡልኝ።

እሑድ ሠርጉ ሆነ። ድንኳኑ በደባልቄ ግቢ ተጥሏል፤ ድግሱን የደገሰ እሱ ነው፣ ጥሪው ግን «ሟቹ አቶ ደባልቄ» እየተባለ ነው የተነገረው። እሱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ሻሹን አስሮ፣ ከደጃፉ መቃን አጠገብ ቆሟል። እንግዳው ስለማያየው እግሩ ላይ ይቆምበታል፣ በክርኑ ይገፋዋል፤ እየተገፋ እየተገፋ ከድንኳኑ ጀርባ ደረሰ። ሙሽራዋ ወጥታ ደጃፉ ላይ ደረሰች። አቶ ጓንጉል ዘውዳቸውን አስተካክለው «አባቷ በሕይወት ስለሌሉ» አሉ፣ «የሟቹ ወዳጅ ቢተው ተነስተው ይመርቁልን።»

«አባቴ እዚህ አለ!» አለች ስመኝ። እጇን ወደ ድንኳኑ ጀርባ ዘረጋች። «ጋሼ ቢተው፣ አባቴ እኮ እዚያ አለ፤ አያዩትም?»

እንግዳው ሁሉ መሬት መሬት አየ። አንዲት ሴትዮ «ውይ የኔ ልጅ፤ ሐዘኑ አልወጣላትም» ብላ ከንፈሯን መጠጠች፤ ሌሎቹም መጠጡ። ስመኝ ግን እኔን ነው የምታየኝ። ያን ጊዜ ጉሮሮዬ ደህና ነበር። ማንም ሰው እንደዚያ ቀን ደህና ጉሮሮ ኖሮት አያውቅም። «ጨዋታው አልቋል» ብል ይበቃ ነበር፤ መጋዘን ይሁን ድንኳን ሕጉ አይለይም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ፤ መሬት ሥራ ነበራት።

ከድንኳኑ ጀርባ የደባልቄ ድምፅ መጣ። «ሂጂ ልጄ፤ ሰው አታስቁሚ። ይመርቅሽ» አለ።

ተነሳሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ተነሳሁ። የደባልቄ ልጅ እያለቀሰች ጉልበቴ ላይ ተደፋች። መረቅኋት። ሰዉ «አሜን» አለ፣ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት። ተመልሼ ስቀመጥ ጋሽ መንበሩ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ፣ ወይዘሮ አሰገደችም ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ሁለቱንም ደስ ያሰኘ ሰው በዚያች ከተማ እኔ የመጀመሪያው ነበርኩ። ጠጂቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤን ታቀርብልኛለች እንጂ አብራኝ አትበላም።

ሁለቱ ተራኪዎች እንዴት እንደታረቁ ብነግራችሁ ትስቃላችሁ። ከሠርጉ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ጋሽ መንበሩ የወይዘሮ አሰገደችን ቤት ጥላ ሊለኩ ሄደው ዝናብ ያዛቸው፤ ወይዘሮዋ «ይግቡና አንድ ነገር ይቅመሱ» አሏቸው። ሽሮ ነበር አሉ። ከሽሮው በኋላ በየብስ የሞተ የእሳቸው፣ በውሃ የሞተ የወይዘሮዋ፣ በጀልባ የሞተ የጋራ እንዲሆን ተስማሙ። በቃ። ይኸው ነው። ቅዳሜ መጥተው በሁለቱም ጆሮዬ አንድ ቃል ነገሩኝ፦ «ቀዛፊው ድኗል። ጨዋታው አልቋል። ሁላችሁም ወደየስማችሁ ተመለሱ።»

አስተጋባሁ። መጋዘኑ እስኪንቀጠቀጥ። ሰዉ አጨበጨበልኝ፤ «ጉሮሮው ዳነለት!» ተባለ። ደባልቄ ሻሹን ፈታ፣ አራት ቦታ አጥፎ ሳንቃው ላይ አስቀመጠው። ያን ጊዜ እንደ ጉድ ወረሩት። «ደባልቄ! እንዴት ነህ! የት ጠፋህ በናትህ!» እያሉ እያገላበጡ ሳሙት። አቶ ጓንጉል ዘውዳቸውን በብብታቸው ይዘው መጡና ትከሻውን አቅፈው «በሠርጉ እኮ አጣንህ አማቼ» አሉት፣ ከልባቸው ቅር ብሏቸው። ደባልቄ ለሁሉም «እግዚአብሔር ይመስገን» ይል ነበር። እኔ ከጆንያው አልወረድኩም።

ሰኞ ረፋዱ ላይ ወደ ሱቄ መጣ። ብድግ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ይቅርታ ነበረኝ፣ ረጅም፣ «ሁኔታው አስገድዶኝ» የሚል ቃል ሦስት ቦታ ያለበት። እጁን አነሳ።

«ተወው» አለ። «ለእሱ አልመጣሁም። ሌላ ነገር ልጠይቅህ ነው።» ዱካ ላይ ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ስመኝን ምን ብለህ መረቅሃት? ድንኳኑ ጀርባ ነበርኩ፣ ጫጫታው ሸፈነብኝ። እሷን ብጠይቃት ‹እያለቀስኩ አንድም አልሰማሁ አባዬ› አለችኝ። ያው ሁለተኛ ልመርቃት አልችልም። የተመረቀችውን እንኳ ልወቀው ብዬ ነው። ቃል በቃል ንገረኝ።»

አፌን ከፈትኩ።

ምንም የለም። ባዶ። የአቶ ጓንጉል ጫማ አዲስ እንደነበር ትዝ ይለኛል። ጋሽ መንበሩ ከግራ በኩል ሦስተኛ ወንበር ላይ እንደነበሩ፣ ወይዘሮ አሰገደች ራሳቸውን መቼ እንደነቀነቁ፣ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ልጅቷ ጉልበቴ ላይ ተደፍታ ሳለ እኔ የማየው እነሱን ነበር። ያልኩትን እግዜር ይወቀው። አፌ ብቻውን ነበር የመረቃት።

ደባልቄ ይጠብቃል። ፊቱን ወደ እኔ አቅንቶ፣ ያለ ቂም፣ ልክ ቅዳሜ ከሙታን ጥግ እንደሚጠብቀው።

ዋሸሁት። ያን ጊዜ፣ እዚያው ሱቄ ውስጥ፣ ቆሜ ፈጠርኩለት። «የደረስሽበት ደጃፍ አይዘጋብሽ ነው ያልኳት» አልኩት። «ስትጣሪ አቤት የሚልሽ አይጥፋ። ቆመሽ ሳለሽ የሚያይሽ ዓይን አይንሳሽ። ከአባትሽ የወሰድሽው ቃል አክባሪነት በልጆችሽ ይደር። ስምሽን በመልካም የሚያነሳ ጎረቤት ይስጥሽ።» በዕድሜዬ እንዲህ አድርጌ መርቄ አላውቅም። ለእሷ የሚገባትን በበሮች መሃል ለእሱ ሰጠሁት።

እያንዳንዱን ስናገር ዓይኑን ጨፍኖ «አሜን» ይላል። ስጨርስ ዓይኑን ገለጠ። ከዚያ «እሰይ» አለ። «እሰይ ቢተው። እኔም ብሆን ከዚህ የተሻለ አልልም ነበር። እግዜር ይስጥህ።» ተነስቶ አቀፈኝ። እጆቼን የት እንደማደርግ አላወቅኩም፤ መላጊያውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

ቆቡን አጥልቆ ወጣ። መንገዱን ሲሻገር እንዳይረሳው ቃሉን እየደጋገመ ነበር፤ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ ትንሽ ጮክ ብሎ። «የደረስሽበት ደጃፍ አይዘጋብሽ… ስትጣሪ አቤት የሚልሽ አይጥፋ…» ደጃፌ ላይ ቆሜ እስኪርቅ አዳመጥኩት። አንድም ቃል አልሳተም።